ዶማ ያልተሰጠው እንግዳ

አንድ የገጠር ቤት በዓይነ ኅሊና ይታሰብ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ የግቢው ጭቃ አልደረቀም። የቤቱ አባወራ ከሳምንታት በፊት ወደ ቀበሌ ተጠርቶ፣ ከባሕር ማዶ የመጣች አንዲት ወጣት ለጥቂት ወራት ከቤተሰቡ ጋር እንድትኖር ፈቃዱን ተጠይቆ እሺ ብሏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሥራ በዝቶበታል። ግድግዳው በአዲስ ጭቃ ተመርጓል፤ ሦስቱ ልጆች ይተኙባት የነበረችው ክፍል ተለቅቃ በሯ ቁልፍ ተበጅቶለታል። ቀድሞ በዚያ ቤት፣ በክፍልና በክፍል መካከል ቁልፍ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። ልጆቹ ወደ ምድጃው ጎን ተዛውረዋል። ለገበያ ሲጠራቀም የነበረው እንቁላል ተጠብሶ በሳህን ቀርቧል። እንግዳዋ ሻንጣዋን አስቀምጣ፣ በቅርቡ ባጠናቻቸው ጥቂት የአማርኛ ቃላት፣ ለመርዳት እንደመጣች ትናገራለች። ቤተሰቡ በፈገግታ ያዳምጣታል፤ የቤቱ እመቤት ግን ዓይኗን ከሳህኑ ሳትነቅል «ብዪ እንጂ ልጄ፣ በሞቴ!» ትላታለች።

ለመሆኑ በዚያች ቅጽበት ሰጪው ማን ነው? ተቀባዩስ? ወጣቷ ልትሰጥ ያሰበችው እውቀትና ጉልበት ገና በተስፋ ያለ ነገር ነው፤ የተቀበለችው ግን የሚዳሰስና የሚቀመስ ነው፤ ክፍል፣ እንቁላል፣ የሦስት ልጆች መኝታ። ነገሩ በዕዳ መዝገብ ይጻፍ ቢባል፣ በመጀመሪያው ሌሊት ባለዕዳዋ ልትረዳ የመጣችው ናት። «በጎ ፈቃደኛ» የሚለው ቃል ራሱ አንድ ነገር ይሸፍናል። ፈቃዱ የመጪው ፈቃድ ነው፤ በጎነቱም የመጪው በጎነት ነው። በሩን የከፈተው ሰው ፈቃድ በቃሉ ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም። ትልቁ የሞራል ጥያቄ ግን እዚያው ላይ ነው፤ የባለቤቱ እሺታ እውነተኛ እሺታ የሚሆነው መቼ ነው?

ወጣቶች ያለ ደመወዝ፣ ለመኖሪያ ብቻ በሚበቃ አበል ወደ ሩቅ አገር ሄደው የሚያገለግሉበት ዘመናዊ ሥርዓት ረጅም ዕድሜ የለውም። ቪ.ኤስ.ኦ. በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው የብሪታንያ ድርጅት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ የአሜሪካን የሰላም ጓድ በ1961 አቋቋሙ፤ ጃፓንም በ1965 የራሷን ወጣቶች መላክ ጀመረች። ወደ ኢትዮጵያ የተላኩት የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ አባላት፣ ቁጥራቸው ከ270 የበለጠ፣ አዲስ አበባ የገቡት በ1962 ሲሆን፣ አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በመምህርነት ተመደቡ። እነዚያ ቀደምት መምህራን የሠለጠኑት ኢትዮጵያ ውስጥ ሳይሆን ዋሽንግተን በሚገኘው በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ነበር። ብዙዎቹም በየከተማው ቤት ተከራይተው፣ ሁለትና ሦስት እየሆኑ፣ ምግብ አብሳይ ቀጥረው ኖሩ። ያስተማሯቸው ልጆች አርጅተውም በፍቅር ያነሷቸዋል። ይሁንና እነርሱ የመንደሩ ጎረቤቶች ነበሩ እንጂ የአንድ ቤት ሰዎች አልነበሩም። ድርጅቱ በ1977 ከኢትዮጵያ ወጥቶ፣ በ1995 ተመልሶ፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ምክንያት በ1999 ዳግመኛ ወጥቶ፣ በ2007 እንደገና ሲመጣ፣ ሠልጣኞቹ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሳልፉት በአገሬው ቤተሰብ ቤት ሆነ። ቋንቋውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከምድጃ ዳር ይማሩት ተባለ። የአገልግሎቱ ዘመን በጠቅላላው 27 ወር ነው።

የሰላም ጓድ ሲቋቋም ከተጻፉለት ሦስት ዓላማዎች መካከል የሠለጠነ የሰው ኃይል ስለ መስጠት የሚናገረው አንዱ ብቻ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። የቀሩት ሁለቱ ስለ መተዋወቅ ናቸው፤ አንደኛው ሌሎች ሕዝቦች አሜሪካውያንን እንዲያውቁ፣ ሁለተኛው አሜሪካውያን ሌሎች ሕዝቦችን እንዲያውቁ። እንግዲህ በሕጉ ቃል ብንሄድ እንኳ፣ እንግዳዋ ከመጣችበት ጉዳይ አብዛኛው በመቀበል የሚፈጸም ነው። ይህን አምኖ የሚነሳ በጎ ፈቃደኛ ግን ጥቂት ነው። ሰው ከአገሩ ሲወጣ «ልቀበል ሄድኩ» ብሎ ዘመዶቹን አይሰናበትም።

በዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ላይ ከተሰነዘሩት ነቀፋዎች መካከል የኢቫን ኢሊችን ያህል የከረረ አይገኝም። በሜክሲኮ ይኖር የነበረው ይህ የካቶሊክ ቄስና አሳቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ መንደሮች ሊያገለግሉ ለተዘጋጁ የሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች ንግግር ሲያደርግ፣ ለመማር፣ ተራራ ለመውጣት፣ አገር ለማየት ቢመጡ ደስ እንደሚለው፣ ለመርዳት ብለው ግን እንዳይመጡ አጥብቆ ነገራቸው። የነቀፋው ጥርስ ያለው በአንድ ነጥብ ላይ ነው። የመንደሩን ቋንቋ የማያውቅ ሰው መርዳት አለመቻሉ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ እንዳልተፈለገ እንኳ ሊያውቅ አይችልም። በራሱ አገር ድሃ ሰፈር ገብቶ ቢያስቸግር በሚገባው ቋንቋ ይሰደባል፤ በባዕድ መንደር ግን ስድቡም ምርቃቱም አንድ ዓይነት ይሰማዋል። በእነዚያው ዓመታት የኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄም በሰላም ጓድ ላይ ተነስቶ ነበር፤ የእርሱ ክስ ግን ከመንደር ኑሮ ይልቅ ከኃያላን መንግሥታት ፖለቲካ ጋር የተያያዘ ነበር።

እንግዳነት ደግሞ የባሕር ማዶ ሰው ብቻ ዕጣ እንዳይመስል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየገጠር ከተማው እንዲያገለግሉ ግዴታ ነበረባቸው። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማርተዋል። ገበሬው ለእነዚህም የአንድ አገር ሰዎች ቢሆኑ ያው እንግዳ ተቀባይ ነበር፤ አንዳንዶቹም ጫማቸውን አውልቀው ከመደብ ላይ መቀመጥ እንደ ፈረንጁ ሁሉ ከብዷቸዋል። በጎ ፈቃደኛ የሚለው ስም ለእነርሱ ይገባል አይገባም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ በግዴታ የሄደ ሰው ፈቃዱ ከየት ይመጣል?

ኢሊች እውነት ተናግሯል፤ ሙሉውን ግን አልተናገረም። በክርክሩ ውስጥ የሚሰማው የሚሄዱት ወጣቶች ልብ ነው፤ ንጹሕ ነው ወይስ የተበከለ፣ ትሑት ነው ወይስ ትዕቢተኛ የሚለው ነው። የቤቱ እመቤት ድምፅ ግን አይሰማም። «አትምጡ» ማለትም እንደ «እንምጣ» ሁሉ ስለ እርሷ ያለ እርሷ የሚወሰን ውሳኔ ነው። ነገሩን ከሳሎኑ ሳይሆን ከማጀቱ በኩል ለሚያየው፣ ጥያቄው እንግዳዋ በምን ልብ መጣች የሚለው አይደለም። ገብታለች፤ አሁን ከእርሷ ጋር እንዴት ይኖራል የሚለው ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ዘንድ ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ አለ። «ምጌኒ ሲኩ ምቢሊ፤ ሲኩ ያ ታቱ ምፔ ጄምቤ» ይላሉ፤ እንግዳን ሁለት ቀን በእንግድነቱ ተቀበለው፤ በሦስተኛው ቀን ዶማ ስጠው ማለት ነው። ጁሊየስ ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ ኡጃማ በጻፉት ጽሑፍ ይህንኑ አነጋገር አንስተው፣ በቀድሞው የአፍሪካ ኑሮ ሥራ ፈት የሚባል እንዳልነበረ ለማስረዳት ተጠቅመውበታል። አነጋገሩ እንግዳን የማባረር ዘዴ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሌላ ነገር ይገኝበታል። ዶማ የሚሰጠው ለባዕድ አይደለም። ማሳው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ፣ የትኛው ቡቃያ የትኛው አረም እንደሆነ ይለያል ተብሎ ለታመነ ሰው ነው። ሥራውን ቢያበላሽ የሚቆጣው ባለቤት አለ። የሚቆጣው ካለ ደግሞ የቤቱ ሰው ሆኗል ማለት ነው።

በአማርኛ ተናጋሪው ገጠር ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። እንግዳዋ በሦስተኛው ቀን ብቻ ሳይሆን በሠላሳኛውም ቀን ዶማው አይሰጣትም። ውሃ ልቅዳ ስትል «ተይ፣ አንቺማ አትችዪም» ትባላለች። ሳህን ላጥብ ስትል ልጅቷ ከእጇ ትነጥቃታለች። አረም ልረም ብላ ብትወጣ ባርኔጣ ተደርጎላት ከዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ይዘረጋላታል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አክብሮት ነው፤ አክብሮት መሆኑንም ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን አክብሮት አጥርም ነው። እንደ እንግዳ የሚከበር ሰው አይቆጡትም፤ የማይቆጡትን ሰው ደግሞ እውነቱን አይነግሩትም። ጥቂት ወራት በዚህ ዓይነት የኖረች ወጣት፣ ቤተሰቡ እንዴት እንደወደዳት ለአገሯ ሰዎች ትጽፋለች፤ ስለ ቤተሰቡ ግን ከተቀመጠችበት ወንበር የሚታየውን ያህል ብቻ አውቃለች።

ገበሬው ለጋራ ሥራ ያሉትን ስሞች ማስተዋል እዚህ ላይ ይጠቅማል። ወንፈል የሚባለው የተቆጠረ ሥራ ነው፤ ዛሬ ለጎረቤቱ አንድ ቀን የዋለለት ሰው ነገ አንድ ቀን ይዋልለታል። ደቦ ግን ሌላ ነው። ባለማሳው ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ ጠላውን ይጠምቃል፤ ምግቡን ያዘጋጃል፤ የተጠራውም በልቶና ጠጥቶ እየዘፈነ ያጭዳል። በደቦ ላይ የሚበላ ሰው እንግዳም ለማኝም አይደለም። የሚሠራውም ቸር ነኝ ብሎ አይኩራራም። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ አንድ ነው፤ ደቦን የሚጠራው ባለማሳው ነው። ማጭድ ይዞ ሳይጠራ ወደ ሰው ማሳ የገባ ሰው ስሙ ሌላ ነው።

ታዲያ በጎ ፈቃደኛዋን ማን ጠራት? በወረቀቱ ላይ መንግሥት ጠርቷል፤ ሚኒስቴሩ ለድርጅቱ ጽፏል፣ ድርጅቱ ለወረዳው፣ ወረዳው ለቀበሌው። ጥሪው ከላይ ወደ ታች ወርዶ ከቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ጥሪነቱ ቀርቶ ትእዛዝ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። የቀበሌ ሊቀ መንበር «ፈቃድህ ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው እንቢ የሚል ገበሬ በጣም ብርቱ መሆን አለበት። ባለሥልጣን ባይጠይቀው እንኳ ይሉኝታ አለ። ይሉኝታ ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስ አስቸጋሪ ከሆኑት ቃላት አንዱ ነው፤ ሐፍረትም አይደለም፣ ትሕትናም አይደለም፤ ሰው ምን ይለኛል የሚል፣ በራስ ላይ የተሾመ ዳኛ ነው። እንግዳ መለሰ መባል በዚያ ዳኛ ፊት ከባድ ወንጀል ነው። እንቢ ማለት የማይችል ሰው ያለው እሺ ምን ያህል ይመዝናል?

አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላቂ ሰላም በጻፈው ድርሳኑ፣ ማንም ሰው ወደ ባዕድ አገር ሲሄድ እንደ ጠላት ያለመታየት መብት እንዳለው ተከራክሯል። ይህ መብት ግን የመጎብኘት እንጂ በእንግድነት ተስተናግዶ የመኖር መብት አይደለም ይላል፤ ለዚያ የተለየ የበጎነት ስምምነት ያስፈልጋል። ካንት ይህን ሲጽፍ በእንግዳ ስም ገብተው አገር የያዙትን የአውሮፓ ነጋዴዎችና መንግሥታት እያሰበ ነበር። ልዩነቱ ለትንሿ ቤትም ይሠራል። የተለየ ስምምነት ያስፈልጋል ሲባል፣ ሁለቱም ወገኖች ውሉን ማወቅ፣ መለወጥና ማፍረስ መቻል አለባቸው ማለት ነው። በይሉኝታ የተያዘ ባለቤት እንዲህ ያለ ውል ሊዋዋል አይችልም። በአገሬው ዘንድ ይሉኝታ የሚታረቀው በእንግዳው ይሉኝታ ነው። ያገሩ እንግዳ «በልቼ ነው የመጣሁ» ይላል፤ ሦስቴ ይግደረደራል፤ ሳህኑን አይጨርስም፤ ከማጀት በኩል ድምፅ ሲቀንስ ለመሄድ ይነሳል። ሁለት ይሉኝታዎች ይመዛዘናሉ። ከሌላ አገር የመጣችው ወጣት ግን ያደገችው የቀረበላትን መጨረስ ምስጋና ነው፣ እሺ የተባለ እሺ ነው በሚል ሥርዓት ነው። ሚዛኑ አንድ ጎኑ ባዶ ይሆናል። ይህ የእርሷ ክፋት አይደለም፤ ውጤቱ ግን ከክፋት ውጤት ጋር አንዳንዴ ይመሳሰላል።

ውጤቱን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ሳይጠቀስ ስለ እንግዳ ተቀባይነት የሚጻፈው ብዙ ነው። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ይመዝናል። በየቀኑ ገላዋን መታጠብ የለመደች አንዲት እንግዳ ስትጨመር፣ ምንጩ ሩቅ በሆነበት መንደር አንድ ተጨማሪ ምልልስ ትጨመራለች። ምልልሱ የአባወራው አይደለም፤ የልጅቷ ነው። እንጀራው በሦስት ቀን አንዴ ይጋገር የነበረው በሁለት ቀን ይሆናል፤ ጭሱ የእናትየው ነው። እሺ ያለው አንድ ሰው፣ እሺታውን በጀርባቸው የሚሸከሙት ሌሎች ናቸው።

ይህ ከድርጅቶች ጋር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በክርስቲያኑ ኢትዮጵያዊ ዘንድ እንግዳ ተቀባይ ቤት «የአብርሃም ቤት» ይባላል። ሦስቱ እንግዶች በመምሬ ዛፍ አጠገብ መጡ፤ አብርሃም ሮጦ ተቀበላቸው፤ ሥላሴ በቤቱ ገቡ ተብሎም በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥሏል። በዚያ ታሪክ ሦስቱን መስፈሪያ ዱቄት ለውሳ እንጎቻውን የጋገረችው ግን ሣራ ናት፤ ያዘዛት ባሏ ነው፤ እርሷ ደግሞ ያኔ ያረጀች ሴት ነበረች። ቤቱ በስሙ የተጠራው ለእርሱ ነው። በታሪኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይሰበክበት አንድ ነገር አለ። እንግዶቹ ከበሉ በኋላ ያነሱት የመጀመሪያ ጥያቄ ሣራ የት እንዳለች ነበር። በድንኳኑ ውስጥ ናት ተባለ።

ከሌላ አገር የመጣችው ወጣት ይህን ጥያቄ በስንተኛው ቀን ትጠይቃለች? አንዳንዷ በመጀመሪያው ሳምንት ከወንዶቹ ጋር መብላቷን ትታ ወደ ማጀት ትገባለች። ጭሱ ዓይኗን ያቃጥለዋል፤ ሊጥ ማፍሰስ ያቅታታል፤ እንጀራው ይቀደዳል፤ ሴቶቹ ይስቁባታል። ያ ሳቅ ከ«በሞቴ» ይልቅ ይቀርባል። ከጊዜ በኋላ እመቤቲቱ ቀና ሳትል ሰፌዱን ትገፋላታለች፤ ምስር እንድትለቅም ነው። ጠጠር አስቀርታ ብትለቅም ማታ የአባወራው ጥርስ ላይ ይሰማል፤ ያኔም «ማን ነው የለቀመው?» ተብሎ ይጠየቃል። በዚያ ቤት ዶማው ሰፌድ ሆኖ ተሰጠ ማለት ነው። ሰፌዱን የሰጣትም ድርጅቱ ወይም ቀበሌው ሳይሆን ባለቤቲቱ ናት። የመጀመሪያው እሺታ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት የተነገረው ከሆነ፣ እውነተኛው እሺታ ይኸኛው ነው። ማንም አልጠየቀውም፤ ሊከለከልም ይችል ነበር።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም፤ የተባለው ግን አብዛኛው ግብዝነት ነው። ድርጅቶች እንግዳ ለሚያሳድሩ ቤተሰቦች ለምግብና ለመኝታ ይከፍላሉ። ክፍያው እንግዳ ተቀባይነትን ወደ አልቤርጎ ይለውጠዋል፣ የአገሬውን ባህል ያረክሳል የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የእንቁላሉን ዋጋ አያውቁም። እንቁላሉ የልጅ ደብተር ነው፤ ዶሮዋ የዓመት በዓል ናት። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ ባሳተመው ጥናቱ እንዳሳየው፣ ምላሽ የማይጠብቅ የሚመስል ስጦታ ሁሉ በውስጡ የመመለስ ግዴታ አለበት። መመለስ ያልቻለ ተቀባይ ከሰጪው በታች ይውላል። ስለዚህ ክፍያው ቤተሰቡን ከማርከስ ይልቅ እንግዳዋን ከማይከፈል ዕዳ ጥቂት ያቃልላታል፤ ጥያቄ ካለ፣ ብሩ በማን እጅ ይገባል፣ ውሃ ለቀዳችውስ ምን ይደርሳታል የሚለው ነው። ሳምንት ሁለት ሳምንት ለመቆየት ለአስጎብኚ ድርጅት ዳጎስ ያለ ገንዘብ ከፍለው፣ ከሕፃናት ጋር ፎቶ ተነስተው የሚመለሱት ግን ከዚህ ጉዳይ ውጭ ናቸው። ለእነርሱ ሦስተኛው ቀን አይደርስም።

በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ከቤተሰብ ጋር መኖር ሲነሳ ደግሞ ከኢትዮጵያ መንደሮች በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄዱትን አለማስታወስ አይቻልም። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት የምትሄደው ልጅ ውል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። የበጎ ፈቃደኛዋም አገልግሎት ከሥልጠናው በኋላ ሁለት ዓመት ነው። ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም የማያውቁትን ቋንቋ ከማጀት ይማራሉ፤ ሁለቱም ማታ ማታ እናታቸውን ይናፍቃሉ። አንደኛዋ የራሷ ቁልፍ ያላት ክፍል ይሰጣታል፤ የሌላዋ ፓስፖርት በአሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ የሚቆለፍበት ጊዜ ብዙ ነው። አንደኛዋን ሥራ እንዳትሠራ ይለምኗታል፤ ለሌላዋ ዶማው ገና ከአውሮፕላን ሳትወርድ ተሰጥቷታል፤ እንግድነት የሚባለው ሁለት ቀን ፈጽሞ አልነበራትም። አንደኛዋ ስትመለስ መሥዋዕትነቷ ይወደሳል። የሌላዋን ጉዞ መሥዋዕትነት ብሎ የሚጠራው እናቷ ብቻ ናት፤ ምንም እንኳ የላከችው ገንዘብ ታናናሾቿን አስተምሮ የጭቃውን ቤት በቆርቆሮ የለወጠ ቢሆንም። ይህን ማነጻጸር የበጎ ፈቃደኛዋን ሥራ ለማሳነስ አይደለም። ነገር ግን ማን በጎ አድራጊ ተብሎ ማን ሠራተኛ እንደሚባል የሚወስነው የተሠራው ሥራ አለመሆኑ በዚህ ይታያል። የሚወስነው በፈለጉ ጊዜ መሄድ መቻል ነው።

መሄድ መቻል ከሀብት ልዩነት ሁሉ የሚበልጥ ልዩነት ነው። እንግዳዋ አብራ ጾማ፣ አብራ አርማ፣ ሰፌድ ተሰጥቷትም ቢሆን፣ በኪሷ ቤተሰቡ የሌለው አንድ ነገር አለ። ይህም እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ከመቼውም ይልቅ በግልጽ ታየ። ወረርሽኙ ሲነሳ የሰላም ጓድ ከ60 በሚበልጡ አገሮች የነበሩትን ወደ 7,000 የሚጠጉ አባላቱን በሙሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠራ። ብዙዎቹ ከኖሩበት ቤት ሳይሰናበቱ ወጡ። ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም፤ ትእዛዝ ነበር፣ ወላጆቻቸውም ይጨነቁ ነበር። ይሁን እንጂ ልጄ ሲሉ ከርመው፣ ልጅ የተባለችው ክፉ ቀን ሲመጣ በመኪና ተወስዳ የቀሩት ሰዎች ምን እንዳሰቡ መጠየቅ ያስፈልጋል። ልጅ ክፉ ቀን ሲመጣ ወደ ቤት ነው የሚመጣው፤ ከቤት አይወጣም።

ይህ ማለት «ልጄ» የተባለው ውሸት ነበር ማለት አይደለም። ባለቤቲቱ ከመጀመሪያውም ታውቀዋለች። መጥታ የምትሄድ መሆኗን እያወቀች ነው ሰፌዱን የገፋችላት፤ እንዲያውም ጉዳዩን ከማንም ፈላስፋ በተሻለ የተረዳችው እርሷ ሳትሆን አትቀርም። ከሄደችው ወጣት የሚጠበቀው ግን ቀላል አይደለም። ዕዳውን ልክፈል ብላ ገንዘብ ብትልክ፣ ቤቱን ወደ ተረጂነት ልትለውጠው ትችላለች። ምንም ባትልክ ረሳች ትባላለች። ስልክ ስትደውል ከሰላምታው በኋላ ዝም የሚባልባት ቅጽበት አለች፤ ትልቁ ልጅ ትምህርቱን መቀጠል መፈለጉ ይነገር ወይስ አይነገር እየተባለ ነው። ይሉኝታው አሁን በስልኩ በሁለቱም ጫፍ አለ። ሚዛኑ ያኔ ተስተካከለ ለማለት ያስደፍር ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ሚዛን ግን ለማንም ዕረፍት አይሰጥም።

በቤቱ ሦስቱ ልጆች ወደ ክፍላቸው ተመልሰዋል። የበሩ ቁልፍ አልተነቀለም። ባለቤቲቱ መክፈቻውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዘዋለች፤ ልጆቹ ሲወጡ በሩን ትቆልፈዋለች፤ እንቁላሉን የምታጠራቅመው ከእንግዲህ እዚያ ነው።